አዲሱን «ሮቦኮፕ» የቀድሞው ጥላ ሳይጫነው መመዘን ይቻላልን?

የመገናኛው (ጠያቂ)

ውድ የፊልም ወዳጆች፣

ክፉኛ ቆስሎ በብረት አካል ስለሚሠራ ፖሊስ የሚተርከውን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን «ሮቦኮፕ» ያየሁት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ነበር። በ1987 የተሠራ ሌላ «ሮቦኮፕ» መኖሩን በወሬ ከመስማት ያለፈ የማውቀው ነገር ስላልነበረኝ፣ ፊልሙን የተቀበልኩት እንደ ማንኛውም አዲስ ሥራ ነበር፤ ወደድኩትም። በተለይ ፖሊሱ አሌክስ መርፊ ከመኪና ፍንዳታ ተርፎ ሲነቃ፣ የብረት አካሉን የሠራለት ዶክተር ኖርተን መስታወት ፊት አቁሞ የብረት አካሉን ክፍል በክፍል እያስነሣ ከገዛ ሰውነቱ የተረፈውን የሚያሳይበት ትዕይንት ለብዙ ቀናት ከዐይኔ አልጠፋም። ጭንቅላቱ፣ በብርሃን አሳላፊ ሽፋን ውስጥ የሚነፉና የሚሟሽሹ ሳንባዎቹ፣ ልቡ፣ አንድ ቀኝ እጁ፤ የቀረው ይኸው ነው።

ባለፈው ሳምንት ይህን ለታላቅ ወንድሜ ስነግረው ሳቀብኝ። የድሮውን ያላየ ሰው ስለ አዲሱ አፉን ሞልቶ ሊናገር አይችልም አለኝና፣ የአዲሱን ጥፋቶች ዘረዘረልኝ፦ ጥሩሩ ጥቁር መሆኑ፣ ደም አለመታየቱ፣ ፖሊሱ እንደ ብረት ከመንጎድ ይልቅ መሮጡና መዝለሉ። እልህ ይዞኝ በዚያው ሌሊት የ1987ቱን አየሁት። ግሩም ፊልም መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን የወንድሜን ክሶች አንድ በአንድ መልሼ ሳሰላስላቸው፣ አብዛኞቹ «ይህ ያ አይደለም» ከማለት ያለፈ ነገር የላቸውም። ጥሩሩ ጥቁር መሆኑ ለምን ጥፋት ሆነ? ቀድሞ ብርማ ስለነበረ ብቻ ነውን?

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ዳግም የተሠራ ፊልም በራሱ ጥንካሬና ድካም ብቻ ሊመዘን ይገባዋልን? የሚገባው ከሆነስ፣ ሚዛኑ ምንድን ነው? «አዝናንቶኛል» ወይም «አላዝናናኝም» ከማለት የጠለቀ ነገር እፈልጋለሁ።

ጥያቄ አያልቅም

ጥያቄዎ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ምሳሌውንም በሚገባ መርጠዋል፤ ምክንያቱም ሁለቱ ፊልሞች አንድ ስም ይሸከሙ እንጂ የሚጓዙት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። በ1987ቱ ፊልም መርፊ ይሞታል፤ ሐኪሞቹም ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል። የሚነሣው ማሽን ነው፤ ያም ማሽን በሕልምና በቁርጥራጭ ትዝታ፣ የቀድሞ ባዶ ቤቱ ውስጥ እየተዘዋወረ፣ ሰው እንደነበረ ቀስ በቀስ ይደርስበታል። ፊልሙ የሚያበቃውም ስሙን ሲጠየቅ «መርፊ» ብሎ በመለሰባት ቅጽበት ነው። በ2014ቱ ግን መርፊ የሚነቃው ማን እንደሆነ፣ ሚስቱ ማን እንደሆነች፣ ልጁ የት እንዳለ ጠንቅቆ እያወቀ ነው። ሰውነቱ የሚወሰድበት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን፣ በሕክምናና በእርዳታ ስም፣ በጥቂት በጥቂቱ።

አወሳሰዱን ልብ ብለው ይመልከቱት፤ የፊልሙ ብልኅነት ያለው እዚያ ላይ ነውና። ታሪኩ የሚካሄደው በ2028 ነው። ኦምኒኮርፕ የተባለው ኩባንያ ሮቦቶቹን ለውጭ አገር ወረራ ይሸጣል፤ በአሜሪካ ምድር ግን የድራይፈስ ሕግ ያግደዋል፤ ሕዝቡ ስሜት የሌለው ነገር በሰው ሕይወት ላይ እንዲወስን አይፈልግምና። የኩባንያው አለቃ ሴላርስ መፍትሔ ያገኛል፦ በማሽኑ ውስጥ ሰው እናስገባ። ሰው የገባበት ማሽን ግን በልምምድ ላይ ከሮቦቶቹ ይዘገያል፤ ምክንያቱም ያስባል፣ ያመነታል። ስለዚህ ኖርተን አሠራሩን ይለውጠዋል። የራስ ቁሩ መከለያ ወርዶ ተኩስ ሲጀመር ሰውነቱን የሚያዝዘው ፕሮግራሙ ይሆናል፤ የመርፊ አንጎል ደግሞ ውሳኔው የራሱ እንደሆነ እንዲያምን ይደረጋል። ሰውየው ተሳፋሪ ሆኖ ሳለ ራሱን ሾፌር አድርጎ ያያል። ይህ ሐሳብ በ1987ቱ ፊልም ውስጥ የለም።

በነገራችን ላይ፣ ስሞቹም እንዲሁ በዘፈቀደ የወጡ አይደሉም። ሕጉን ያወጣው የፊልሙ ሴናተር ሁበርት ድራይፈስ ይባላል፤ ኮምፒዩተር እንደ ሰው ሊያስብ አይችልም እያለ ለዐሥርት ዓመታት የተሟገተው የእውነተኛው ፈላስፋ ስም ነው። ዴኔት ኖርተን የሚለው የሐኪሙ ስምም አእምሮን እንደ ማሽን አሠራር ለማስረዳት የደከመውን ሌላውን ፈላስፋ፣ ዳንኤል ዴኔትን ያስታውሳል። ሁለቱ በጽሑፍ የተከራከሩበትን ነገር ፊልሙ በአንድ ፖሊስ ሥጋ ላይ አምጥቶ ያኖረዋል።

ዳይሬክተሩ ሆሴ ፓዲላ ብራዚላዊ ነው፤ ከዚህ በፊት ስለ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ልዩ የፖሊስ ኃይል በሠራው ፊልም በ2008 የበርሊንን ወርቃማ ድብ ተሸልሟል። ፖሊስ በመሣሪያና በሥልጠና እንዴት እንደሚቀረጽ ያጠና ሰው ስለሆነ፣ ፊልሙን በቴህራን ጎዳና ላይ መክፈቱ አያስገርምም። ሮቦቶች ነዋሪዎችን እያስቆሙ ይፈትሻሉ፤ የቴሌቪዥን ጣቢያ በቀጥታ ያስተላልፋል፤ የወጥ ቤት ቢላዋ የያዘ አንድ ታዳጊ ወደ አደባባዩ ሲወጣ ትልቁ ማሽን እንደ አደጋ ቆጥሮ ይገድለዋል፤ ስቱዲዮ ውስጥ ያለው አቅራቢ ግን ስለ ሰላም መናገሩን አያቋርጥም። ሰው አልባ አውሮፕላኖች በየአገሩ በሚያንዣብቡበት ዘመን የተሠራ ፊልም የራሱ ዘመን ጥያቄ ነበረው።

እንግዲህ የእኔ ሚዛን ይህ ነው፦ ፊልሙ ራሱ ያነሣውን ጥያቄ እስከ የት ድረስ ተከታተለው? «ደሙ የታለ» ብሎ መጠየቅ የሌላ ፊልም ጥያቄ ነው።

አሮጌ ካሴት

ታናሽ ወንድሜ የመገናኛው፣ ከላይ የጻፉት እኅትም ወይም ወንድም፣ ሁለታችሁንም በአክብሮት ልቃወም ነው። አስቀድሜ ግን ልናዘዝ። የ1987ቱን ፊልም ያየሁት በቪዲዮ ቤት፣ ጀርባ በሌለው አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ተቀምጠን፣ ከቅጂ ቅጂ ተገልብጦ ቀለሙ በነጣ ካሴት ነው። ናፍቆት ዐይኔን ጋርዶታል ብትሉኝ አልቀየምም።

የሆነ ሆኖ፣ «በራሱ ይመዘን» የሚለው ክርክር አንድ ነገር ይዘነጋል። ይህን ፊልም የሠሩት ሰዎች ስሙን ፈልገው ነው የወሰዱት። «የብረት ፖሊስ» ወይም ሌላ ስም ሰጥተውት ቢሆን ኖሮ፣ እኔም ያለ አንዳች ቂም በተመለከትኩት ነበር። ነገር ግን ተመልካቹን ወደ ሲኒማ በር ያመጣው ስሙ ነው። በስሙ ትኬት ከሸጡ በኋላ፣ በስሙ አትመዝኑን ማለት የአባቱን ርስት ወስዶ ዕዳውን አልከፍልም እንደሚል ወራሽ መሆን ነው።

ስለ ደሙም ቢሆን፣ እንደ ልጆች ጨዋታ አትዩት። የ1987ቱ ፊልም ዳይሬክተር ፖል ቨርሆቨን ፊልሙን ለአሜሪካ የፊልም ደረጃ መዳቢዎች ሲያቀርብ፣ ለአዋቂዎች ብቻ በሚለው ከባዱ ደረጃ ላይ ስላስቀመጡበት፣ ደጋግሞ እየቆረጠ መመለስ ነበረበት። ያም ሆኖ መርፊ በወንበዴዎቹ ጥይት አካሉ እየተበጣጠሰ የሚሞትበት ትዕይንት ዛሬም ለማየት ይከብዳል። መክበድም አለበት፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ያለው ፊልም በሙሉ የዚያ ሰው ለቅሶ ነው። በስብሰባ አዳራሹ ውስጥ የኩባንያው ማሽን በአንድ ወጣት ሠራተኛ ላይ ጥይት ሲያዘንብበት፣ ባለሥልጣኖቹ የሚጨነቁት ስለ ሥራው መዘግየትና ስለሚከስሩት ገንዘብ ነው። ሥጋው እንደዚያ ባይረክስ፣ ስላቁ አይቆርጥም ነበር። በ2014 ግን ፊልሙ ለታዳጊዎች እንዲፈቀድ ተብሎ ስለተለዘበ፣ ሰዎች እንደ ጥላ ይወድቃሉ፤ መርፊ ራሱም ቤቱ ደጃፍ በአንድ ፍንዳታ ይወገዳል። ያላየነውን ሞት እንድናዝንለት እንዴት ይጠበቅብናል?

ከሁሉ በላይ ደግሞ የፍጻሜውን ልዩነት ተመልከቱ። በቀድሞው ፊልም፣ በመርፊ ውስጥ የተደበቀው አራተኛው መመሪያ የኩባንያውን ከፍተኛ ባለሥልጣን እንዳይነካ ያግደዋል። በመጨረሻው ትዕይንት ከባለሥልጣኖቹ አንዱ የሆነው ወንጀለኛው ዲክ ጆንስ የኩባንያውን አዛውንት መሪ ሲያግት፣ መርፊ መሣሪያውን አነጣጥሮ ይቆማል እንጂ መተኮስ አይችልም። አዛውንቱ ጆንስን ከሥራ ያሰናብተዋል፤ ያን ጊዜ ሰውየው ባለሥልጣን መሆኑ ስለቀረ መርፊ አመስግኖ ይተኩሳል። አስተውሉ፦ ጀግናው ነፃ አልወጣም። ሰንሰለቱ እንደታሰረ ነው፤ የተለወጠው የአንድ ሰው የቅጥር ሁኔታ ነው። በእንዲህ ያለ መራራ ቀልድ የጨረሰ ፊልም ስም ተሸክሞ መምጣት ቀላል አይደለም፤ የመጣውም አልቻለውም።

ድምፅና ምስል

እኔ ኑሮዬን የምገፋው በቪዲዮ ቅንብር ስለሆነ፣ ስለ አሠራሩ ጥቂት ልጨምር፤ ሁለታችሁም በሐሳብ ተጠምዳችሁ ብረቱን ረሳችሁት።

የቀድሞው ፊልም የተሠራው በወደ 13 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ዲትሮይት ተብሎ የሚታየውም ከተማ በአብዛኛው ዳላስ ነው። ሮብ ቦቲን የሠራው ጥሩር ለቀረጻው ዘግይቶ ስለደረሰ፣ መርፊን የተጫወተው ፒተር ዌለር ከእንቅስቃሴ አስተማሪው ከሞኒ ያኪም ጋር ለወራት ያጠናውን የእንቅስቃሴ ትምህርት፣ ክብደቱ አላስኬድ ስላለው፣ እዚያው እንደገና መማር ነበረበት። በመጀመሪያ ጭንቅላቱ፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ ወገቡ የሚዞርበት ያ የዝግታ ዙረት እንዲሁ የመጣ አይደለም። ፊል ቲፔት ደግሞ ኢዲ-209 የተባለውን፣ በስብሰባ አዳራሹ የሚገድለውን ማሽን ትንሽ ሞዴሉን በእጅ እያንቀሳቀሰ፣ ፍሬም በፍሬም ቀርጾ ነው ሕይወት የሰጠው። ማሽኑ በደረጃ ላይ ሲንከባለል የምንስቀው፣ ክብደት ያለው ዕቃ የወደቀ ስለሚመስለን ነው።

አዲሱ ፊልም ብዙ እጥፍ ገንዘብ ፈሶበታል፤ ኮምፒዩተርም አለው። መርፊን የተጫወተው ዮኤል ኪናማን ፊቱ ብቻ ሲታይ እንኳ ብዙ ይናገራል፤ የመስታወቱ ትዕይንት የተዋጣው በእርሱና ኖርተንን በተጫወተው በጌሪ ኦልድማን ነው። በውጊያ ጊዜ ግን ጥሩሩ ይበርራል፣ ይዘላል፤ ዐይኔ ክብደቱን አያምነውም። ጨለማ ውስጥ የመሣሪያ ብልጭታ ብቻ የሚታይበት የመጋዘኑ ተኩስም ከኮምፒዩተር ጌም የተለየ ስሜት አልሰጠኝም። ይህን ስል ከድሮው ጋር ማነጻጸሬ አይደለም፤ ድሮው ባይኖርም ያንኑ እላለሁ።

ማነጻጸርን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ላንሣ። አዲሱ ፊልም ራሱ በቦታ በቦታው እየዞረ ወደ ቀድሞው ያያል። የባዚል ፖሊዶሪስን የቀድሞ ዜማ በመግቢያው ላይ ያሰማናል። ሰዎች ሁሉ ከቀድሞው ፊልም የሚያስታውሱትን «ይህንን በአንድ ዶላር እገዛዋለሁ» የሚል ቀልድ ጠምዝዞ በአንድ ገጸ ባሕርይ አፍ ያስገባዋል። ጥሩሩን በመጀመሪያ ብርማ አድርጎ ካሳየን በኋላ፣ ሴላርስ ጥቁር ይሁን ብሎ ያስለውጠዋል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ወደ ብርማው ይመልሰዋል። እንዲያውም የመገናኛው ወንድም የተቆጡበት ጥቁር ቀለም በፊልሙ ውስጥ የገበያ ሰዎች ውሳኔ ሆኖ ነው የቀረበው፤ ፊልሙ በቀለሙ ላይ እየሳቀ ነው። ፊልሙ እንዲህ እጃችንን ይዞ ወደ ድሮው ሲወስደን፣ እዚያ ላይ ማነጻጸር መብታችን ነው። በራሱ መንገድ በሚሄድበት ቦታ ደግሞ እንከተለው።

ለንጽጽር ያህል፣ ጆን ካርፔንተር በ1982 ያወጣው «ዘ ቲንግ» በ1951 የተሠራ ፊልም ያነሣውን ታሪክ ዳግም የሠራ ነው፤ ሲወጣ ተቺዎች አብጠለጠሉት፤ ዛሬ ግን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው እርሱን ነው። ወደ ቀድሞው እየዞረ ምስጋና የሚጠይቅ ፊልም አልነበረም።

የመገናኛው (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ፣ ጥያቄ አያልቅም የሰጡኝን ሚዛን ይዤ፣ አዲሱን ፊልም እንደገና አየሁት፤ የደረስኩበት ነገር ግን ያልጠበቅሁት ሆነ። ፊልሙን በራሱ መመዘን ምሕረት ማድረግ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የባሰ ፍርድ ነው።

ምክንያቴን ላስረዳ። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት የጻፋችሁትን ሁሉ ይፈጽማል። በይፋ የሚመረቅበት ዕለት የወንጀል መዛግብቱ ሁሉ ወደ አንጎሉ ሲጫኑ፣ የገዛ ራሱን ፍንዳታ በካሜራ ምስል አይቶ ሲንቀጠቀጥ፣ ኖርተን ስሜትን የሚያንቀሳቅሰውን የአንጎል ኬሚካል፣ የዶፓሚን መጠኑን ወደ ምንም ዝቅ አድርጎ ልጁንና ሚስቱን ሳያያቸው እንዲያልፍ ያደርገዋል። ልጁ በዚያ ሕዝብ መካከል አባቱ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው ሲያልፍ የሚታይበት ፊት፣ አሮጌ ካሴት ያሉትን ለቅሶ ያህል ከብዶኛል፤ ደም ሳይፈስ።

ከዚያ በኋላ ግን፣ ሚስቱ መንገድ ላይ አቁማ ካናገረችው ጀምሮ፣ የመርፊ ስሜት ማንም ሊያስረዳው በማይችል ምክንያት ይመለሳል። ሳይንቲስቶቹ መቆጣጠሪያው ላይ አፍጥጠው ይደነቃሉ እንጂ መልስ የላቸውም። መጨረሻው የሕንጻ ጣሪያ ላይ ነው። ሴላርስ ቀይ አምባር አጥልቋል፤ ያን አምባር ያጠለቀን ሰው መርፊ እንዳይጎዳ ፕሮግራሙ ያግደዋል። መርፊ ይንቀጠቀጣል፣ ይታገላል፣ ይተኩሳል። ፈቃዱ ፕሮግራሙን አሸነፈ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ፊልሙ ያሳዘነኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ፣ «እኔ ወሰንኩ» የሚለው ስሜት በፋብሪካ ሊሠራ እንደሚችል ሲያስተምረን ቆይቶ፣ በጣሪያው ላይ ያንኑ ስሜት ያለ ምንም ጥርጣሬ እንድናምነው ይፈልጋል። ጣቱን የሳበው መርፊ መሆኑን በምን አወቅን? ፊልሙ ይህን አይጠይቅም። የምወቅሰው የድሮውን ፊልም ስላልሆነ አይደለም፤ የራሱን ጥያቄ በር ላይ ትቶት ስለገባ ነው።

ጥያቄ አያልቅም

ይህን ነጥብ እቀበላለሁ፤ ሳልጠቅሰው በማለፌም አፍሬአለሁ። አንድ መከላከያ ብቻ ላቅርብ። ስሜቱ የሚመለስበት ምክንያት አለመገለጹ፣ «በአንጎል ውስጥ ማሽን የማይደርስበት ነገር አለ» የሚል መልስ ሊሆን ይችላል፤ የእውነተኛው ድራይፈስ ወገን የሚሰጠው ዓይነት መልስ። ነገር ግን መልሱ የተሰጠው ክርክሩ ሳይካሄድ ነው፤ ኖርተን ጣሪያው ላይ ቆሞ «ይህስ የእርሱ ውሳኔ ነው?» ብሎ አንድ ጊዜ ቢያመነታ እንኳ በቂ ነበር። ስለዚህ የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ላይ ያለኝን ግምት ዝቅ አደርጋለሁ፤ የመስታወቱን ትዕይንት ግን አልሰጥም።

አሮጌ ካሴት

የመስታወቱን ትዕይንት እኔም አልነካውም፤ እንዲያውም የእናንተን ጽሑፍ አንብቤ መልሼ ካየሁት በኋላ አንድ ነገር ገረመኝ። በ1987ቱ ፊልም ሐኪሞቹ የመርፊን አንድ ክንድ አድነው ለአለቃው ለቦብ ሞርተን ይነግሩታል፤ እርሱ ግን የተስማማነው ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ አካል ነው ብሎ የዳነውን ክንድ አስወግዱ ይላቸዋል። ትእዛዙን የምንሰማው በመርፊ ዐይን እየተመለከትን፣ ከላይ ያጎነበሱ ፊቶች ብቻ እየታዩን ነው። በአዲሱ ደግሞ ቀኝ እጁን ትተውለታል። ሃያ ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ ያ የተቆረጠ ክንድ የተመለሰለት መሰለኝ። የመገናኛው፣ ፊልሙን ለሦስተኛ ጊዜ ካዩት፣ ከመስታወቱ ትዕይንት በኋላ ያ እጅ በየት በየት እንደሚታይ ይቆጥሩልኝ፤ ሚስቱና ልጁ ሊጎበኙት በመጡ ጊዜ የት እንደተቀመጠ ለማየት ሞክሬ ዐይኔ አልያዘልኝም።

የመገናኛው (ጠያቂ)

እቆጥርልዎታለሁ። ቅዳሜ ማታ ከወንድሜ ጋር አብረን ልናየው ተስማምተናል፤ እርሱ ደግሞ በተራው የ2014ቱን እስከ ፍጻሜው አይቶት እንደማያውቅ ተገልጦበታል።